የሌሊት ሰማይ በኬክ ላይ፦ በባለቀለም በተርክሬም የጠፈር ኬክ አሠራር ለጎንደር ኩሽናዎች

ልጆች የጠፈር ኬክ ሲያምራቸው ብዙ ጊዜ የሚያሳዩን የስልክ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ወይን ጠጁም፣ ሮዙም፣ ሰማያዊውም እኩል ያበራል። ያንን ልቅዳ ብሎ የተነሳ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው አመድማ ነገር ነው። ቀለሞቹ በዙ፣ በስፓቹላ ታሹ፣ ተበላሉ፣ አለቀ።

የኔ ምክር ሌላ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ሲጠራ፣ ጎንደር ላይ መብራት የጠፋ ማታ ውጡና ቀና በሉ። መብራት መጥፋቱ እንግዲህ ለአንድ ነገር ይጥቀመን። አብዛኛው ሰማይ ጨለማ ነው። ፍኖተ ሐሊብ በመሃሉ ሰያፍ ሆኖ ያልፋል። ጠርዙ አይስተካከልም። አንዱ ጋ ይደምቃል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። ኬኩ ላይ የምንሠራው ይህንኑ ነው፦ ሁለት እጁ ጨለማ፣ አንድ እጁ ቀለም። ይህን ድርሻ ከጠበቃችሁ ሌላው ቀላል ነው።

የምንሠራው ኬክ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስት ድርብ፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለ20 ሰው ይበቃል። ሰማዩ ጨለማ፣ በላዩ ሰያፍ የቀለም መስመር፣ ከዋክብት፣ ሦስት ፕላኔቶች። ከግርጌው ዙሪያውን ደግሞ የፋሲል ግንብ ጥላ ይቆማል። ከጎንደር ሆነን ሰማይ ስናይ ከሥሩ ግንቡ ቢኖር ያምራል እንጂ አይከፋም።

መጀመሪያ ቀኑን እዩ

በተርክሬም ቅቤ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ልደቱ ረቡዕ ወይም አርብ ከዋለ፣ ወይም በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታ፣ በነቢያት ጾም ውስጥ ከገባ፣ ከእንግዶቹ ግማሹ ኬኩን አይቶ ነው የሚሄደው። ሁለት መንገድ አለ። ልደቱን ወደ ፍስክ ቀን ማሻገር፣ ወይም በቅቤ ፈንታ ከአትክልት ዘይት በተሠራ ማርጋሪን የጾም ክሬም መሥራት። ማርጋሪን ሁሉ ግን ጾም አይደለም። አንዳንዱ ወተት ስላለበት መለያውን አንብቡ። ማርጋሪን ከቅቤ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ወተቱን ተዉትና በጣም ካስፈለገ በጥቂት ውኃ ተኩት። ኬኩም ያለ እንቁላልና ያለ ወተት መጋገር እንዳለበት አትርሱ።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ቀለሙን ነው። አንዳንድ ቀይና ሮዝ የምግብ ቀለሞች ካርሚን ይባላሉ፤ መለያቸው ላይ ኢ120 ተብለው ይጻፋሉ። የሚሠሩት ከነፍሳት ነው። ለጾም ኬክ ሌላ ቀይ ፈልጉ።

ቅዳሜ ልደት ከሆነ ሥራውን እንዲህ ከፋፍሉት። ሐሙስ ቀን ኬኩን ጋግሩ። ሐሙስ ማታ ክሬሙን ምቱና ቀለም አግቡበት። አርብ ከሰዓት አስውቡት። በአንድ ቀን ሁሉንም ልጨርስ ማለት አያዋጣም፤ ምክንያቱን ቀለሙ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ። አርብ የምትጾሙ ከሆነ ክሬሙን የሚቀምስላችሁ ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ልጅ አዘጋጁ። ፈቃደኛ አይጠፋም።

የሚያስፈልገው

- ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 500 ግራም
- በደንብ የላመ ዱቄት ስኳር፣ 1 ኪሎ
- ወተት፣ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ
- ቫኒላ፣ 2 የሻይ ማንኪያ
- ጨው፣ አንድ ቁንጥጫ
- ያልጣፈጠ የካካዎ ዱቄት፣ 60 ግራም፣ ለፕላኔቶቹ ደግሞ ትንሽ ትርፍ
- የምግብ ቀለም፦ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ሮዝ፣ ብርቱካንማ

ቅቤው ላይ አልደራደርም። ከገበያ የሚመጣው ለጋ ቅቤ ለገንፎ ወደር የለውም፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። መዓዛው ኃይለኛ ነው፣ የያዘው ውኃም ከአንዱ ቅል ወደ ሌላው ይለያያል። የተነጠረው ደግሞ ከነቅመሙ ነው፤ ኮረሪማ የሚሸት ጁፒተር ማንም አይፈልግም። የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ያህሉ ስብ፣ ቀሪው በአብዛኛው ውኃ ነው። ክሬሙን የሚያቆመው ይህ ልክ ነው።

ዱቄት ስኳር ካጣችሁ ተራውን ስኳር በብሌንደር ፍጩት። በአንድ ጊዜ 200 ግራም ብቻ አድርጉ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምሩበት፣ ከዚያ በሻይ ማጥለያ ንፉት። ማጥለያው ላይ የቀረውን መልሳችሁ ፍጩ። እዚህ ጋ የሚሰንፍ ሰው በኋላ ክሬሙ ጥርሱ ላይ ይንኮሻኮሽበታል።

ለመሣሪያ ሚክሰር፣ ስፓቹላ፣ ጥቂት ጎድጓዳ ሳህኖች፣ አንድ ፓኮ ስቴኪኒና የክሬም መጭመቂያ ከረጢት ይበቃል። ከረጢቱ ከሌለ ወፍራም ንጹሕ ላስቲክ አንድ ጥጉን ቁረጡት። ለማስተካከያ አዲስ የፕላስቲክ ማስመሪያ ታጥቦ ጥሩ ይሠራል። የሚሽከረከር ማቆሚያ ከሌላችሁ ኬኩን በተገለበጠ ድስት ላይ አስቀምጡና እናንተ ዙሩ።

ኬኩ

እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ሁሉም የሚያምንበት የኬክ አሠራር አለው። የቸኮሌት ኬክ ቢሆን ግን እመርጣለሁ፤ ሲቆረጥም ጨለማው ይቀጥላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ኬክ ቶሎ ይነፋና መሃሉ ይሰምጣል። ከኢንተርኔት ያገኛችሁት አሠራር ለቆላ አገር የተጻፈ ከሆነ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሱ። ለእያንዳንዱ ኩባያ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል ፈሳሽ ጨምሩ። የኦቭኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጉ።

ኦቭን የሌለው ሰው ከኬክ ቤት ክሬም ያልነካው ባዶ ኬክ ማዘዝ ይችላል። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። የቀዘቀዘ ኬክ ሲቆረጥም ሲቀባም ፍርፋሪው ያንሳል።

ክሬሙን መምታት

የሚፈላ ሽሮፕ የሚገባባቸው ሌሎች የበተርክሬም ዓይነቶች አሉ። ጎንደር ላይ ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የሽሮፑን የሙቀት ልክ ሁሉ በ7 ዲግሪ ያህል ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል። ለልጆች ልደት ያን ያህል ጣጣ ውስጥ አንግባ። ቅቤና ስኳር በቂ ነው።

ቅቤው ትክክለኛ ልስላሴ ላይ መሆን አለበት። በጣት ስትጫኑት ምልክት ይያዝ፣ ግን ጣታችሁ አይስመጥ። በታኅሣሥ ጠዋት የጎንደር ኩሽና ቀዝቃዛ ነው፤ ቅቤው ድንጋይ ሆኖ ያድራል። በትንንሹ ቆራርጡትና ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አቆዩት። እሳት ዳር አታስጠጉት፤ አንዴ የቀለጠ ቅቤ ተመልሶ ቢረጋም አየር አይዝም።

ቅቤውን ለብቻው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ምቱት። ጥጥ መስሎ እስኪነጣ ድረስ። ይህን ደረጃ አታሳጥሩት፤ አሁን በደንብ የነጣ ቅቤ በኋላ ቀለም ስታገቡበት ይክሳችኋል። ከዚያ ስኳሩን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ በዝግታ ጨምሩ። ሚክሰሩን በፎጣ ሸፍኑት፣ አለበለዚያ ኩሽናው በሙሉ ይበናል። ጨውና ቫኒላ፣ ቀጥሎ ወተቱን በማንኪያ በማንኪያ። ክሬሙ ስፓቹላ ላይ ሲነሳ ጫፉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ትንሽ ጎንበስ ካለ ደርሷል። በመጨረሻ ሚክሰሩን በዝቅተኛው ፍጥነት 2 ደቂቃ አዙሩት። የአየር አረፋው ይወጣል፣ ገጹም ይለሰልሳል።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ አትደንግጡ። በእንጨት ማንኪያ ሁለት ሰው እየተቀያየረ ከመታው ይደርሳል። ክንድ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ቀለም ማግባት፦ ኬኩ የሚለየው እዚህ ነው

መጀመሪያ ክሬሙን ከፋፍሉ። በእጃችሁ 1 ኪሎ ተኩል ያህል አለ። 500 ግራሙን ሳትነኩት አስቀምጡ፤ ለመሃልና ለመጀመሪያው ልባስ ነው፣ ማንም አያየውም፣ ቀለም አታባክኑበት። 450 ግራም ለጨለማው። 220 ግራም ለሰማያዊ። 120 ግራም ለወይን ጠጅ። 80 ግራም ለሮዝ። የቀረው ነጭ ሆኖ ይቆይ፤ ከዋክብት፣ ፕላኔቶችና ጽሑፍ ከሱ ይወጣሉ።

የቀለሙ ዓይነት ወሳኝ ነው። ጄል ቀለም፣ ማለትም ወፈር ያለውን፣ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። በአቅራቢያችሁ ካጣችሁ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አስልኩ፤ አንድ ብልቃጥ ብዙ ኬክ ይሠራል። በጠብታ የሚሸጠው ፈሳሽ ቀለም ለፈዛዛ ሮዝ ይበቃል። ለጨለማ ሰማይ ግን ብዙ ስለሚጠይቅ ክሬሙን ውኃ ያደርገዋል። የዱቄት ቀለም ካላችሁ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውኃ በጥብጡትና እንደ ጄል ተጠቀሙበት። ለሮዙ ቀይ ስርም ይሆናል፤ ጭማቂውን ውኃው ተንኖ ወፈር እስኪል ቀቅሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ በጠብታ ጨምሩ።

ቀለም የሚጨመረው በስቴኪኒ ጫፍ ነው። ጨምሩ፣ አዋህዱ፣ እዩ፣ ካነሰ ድገሙ። በየጊዜው አዲስ ስቴኪኒ ያዙ፤ ቅቤ የነካው ወደ ብልቃጡ ከተመለሰ ቀለሙን ያበላሸዋል።

*ሰማያዊው ለምን አረንጓዴ ይሆናል?* ቅቤ በተፈጥሮው ቢጫነት አለው። ሰማያዊና ቢጫ ሲገናኙ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል። መፍትሔው ሰማያዊውን ከማግባታችሁ በፊት በስቴኪኒ ጫፍ በጣም ትንሽ ወይን ጠጅ መንካት ነው። ወይን ጠጅ ቢጫውን ይሰብረዋል፣ ክሬሙ ወደ ነጭ ይጠጋል። ይኸው ዘዴ ለከዋክብቱ ነጭም ይሠራል። ትንሽ በለጥ ካለ ግን ነጩ ግራጫ ስለሚሆን እጃችሁን ያዙ።

*ጨለማው።* ነጭ ክሬም ላይ ጥቁር ቀለም እየጨመሩ ጥቁር ለማድረግ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ብልቃጡ ያልቃል፣ ክሬሙ ይመራል፣ ቀለሙ ግን ከግራጫ አያልፍም። ከካካዎ ጀምሩ። 60 ግራሙን ካካዎ ንፉና 450 ግራሙ ክሬም ውስጥ አዋህዱ። ከደረቀ አንድ ማንኪያ ወተት ጨምሩ። አሁን ቡናማ ክሬም አላችሁ። ሰማያዊ ጨምሩበት፣ ወደ ጠቆረ ነገር ይለወጣል። ከዚያ ጥቁሩን በትንሽ በትንሹ። የከሰል ግራጫ ሲሆን አቁሙ። አዎ፣ ገና ጥቁር ሳይሆን አቁሙ። ክዳን ባለው ዕቃ ከድናችሁ ፍሪጅ ሳይገባ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አሳድሩት። ጠዋት ስትከፍቱት አንድ ሁለት ደረጃ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ሐሙስ ማታ ያልኩት ለዚህ ነው። ቀለሙ የሚሟሟው በክሬሙ ውስጥ ባለችው ጥቂት ውኃ ነው፤ እስኪዳረስ ጊዜ ይፈልጋል።

ለማሳደር ጊዜ ከሌለ አቋራጭ አለ። ከጨለማው ክሬም ሁለት ሦስት ማንኪያ ወስዳችሁ በሚፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ሳህን እስኪቀልጥ አሙቁት። ቀለሙን እዚያ ውስጥ አዋህዱ፣ በደንብ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ወደ ዋናው መልሳችሁ ምቱ።

ሰማያዊው ደማቅ ሳይሆን ጠለቅ ያለ ይሁን፤ በስቴኪኒ ጫፍ ጥቁር ቢነካ ይበስላል። ወይን ጠጁ መካከለኛ፣ ሮዙ ፈዛዛ። ሮዝ በጣም ከደመቀ ከረሜላ ይመስላል።

ቀለሙን የምትመረምሩት በቀን ብርሃን፣ መስኮት ዳር ነው። የአምፖል ቢጫ ብርሃን ያታልላል። ከመረመራችሁ በኋላ ግን ወይን ጠጁን ከብርሃን አርቁት፤ ቀለሙ በፀሐይ ፈጥኖ ይደበዝዛል።

ኬኩን ማልበስ

የሦስቱንም ድርብ ጉብታ በዳቦ ቢላ ቆርጣችሁ አስተካክሉ። በመሃላቸው 150፣ 150 ግራም ነጭ ክሬም ቀቡ። በቀረው 200 ግራም ኬኩን በሙሉ ስስ አድርጋችሁ ልበጡት። ይህ ልባስ ሥራው ፍርፋሪን ማሰር ብቻ ነው፤ ኬኩ በውስጡ ቢታይም ችግር የለም። 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ። በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ከሆነ ደርሷል። መብራት ከሌለ ቀዝቃዛው የጎንደር ማታ ራሱ ይበቃል፤ ሽፍን አድርጋችሁ መስኮት አጠገብ አቆዩት።

አሁን ሰማዩ። ከግርጌ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዙሪያውን በሰማያዊ ቀቡ። ግንቡ የሚቆመው እዚህ ስለሆነ ነው፤ ጥቁር ጥላ በጥቁር ሰማይ ላይ አይታይም። ልክ ፀሐይ ከገባች በኋላ እንዳለው ሰዓት አስቡት።

ከዚያ ሰያፉን መስመር አስምሩ። ከፊት ለፊት ግራ ከታች ይነሳ፣ ወደ ቀኝ ይውጣ፣ የኬኩን አናት አቋርጦ ከኋላ ይውረድ። ስፋቱ እጅ የማያህል፣ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር፣ እንደውም ቦታ ቦታ ላይ ጠበብ ይበል። በስቴኪኒ ጫር አድርጋችሁ ምልክት አድርጉ። ከመስመሩ ውጭ ያለውን ሁሉ በጨለማው ክሬም ሸፍኑ። በመስመሩ ውስጥ ዳርና ዳሩን በቀረው ሰማያዊ፣ ወደ ውስጥ ወይን ጠጅ፣ እምብርቱ ላይ ሮዝ ጣል ጣል አድርጉ። ሮዙ ያልተቋረጠ መስመር አይሁን። እዚህ ሁለት፣ እዚያ ሦስት ጠብታ፣ መሃሉ ባዶ።

ማስመሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ ኬኩ ጎን ላይ አስደግፉና አንድ ዙር አዙሩ። ቀለሞቹ በራሳቸው ይሳባሉ፣ ጠርዛቸው ይዋሃዳል። ማስመሪያውን ጥረጉ። ጎድጎድ ያለውን ቦታ በየራሱ ቀለም ሙሉ። ሁለተኛ ዙር። ጥረጉ። ሦስተኛ ዙር ቢበዛ ነው። ከዚያ በኋላ እጃችሁ ቢበላችሁም ማስመሪያውን አስቀምጡ። አራተኛው ዙር ላይ ነው ሰማዩ አመድ የሚሆነው።

የቀለም ጉርብትናም አስቡ። ሰማያዊና ሮዝ ቢደባለቁ ወይን ጠጅ ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ስህተት አይታይም። ብርቱካንማና ሰማያዊ ግን ሲነካኩ ጭቃ ይሆናሉ። ሮዝና አረንጓዴም እንደዚያው። ብርቱካንማውን ለማርስ አቆዩትና ከዚህ መስመር አርቁት።

አናቱን በስፓቹላ ከዳር ወደ መሃል ሳቡ። መስታወት የሚመስል ልስላሴ አትፈልጉ፤ ትንሽ ሻካራ ሰማይ ይሻላል። 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ መልሱት።

ከዋክብት

ከነጩ ክሬም አንድ የሾርባ ማንኪያ ወስዳችሁ በጥቂት ወተት አቅጥኑት። ወይም ዱቄት ስኳርና ውኃ ብቻ በጥብጡ፤ የበለጠ ነጭ ይሆናል። አዲስ፣ ታጥቦ የደረቀ የጥርስ ብሩሽ ጫፉን ነክራችሁ በአውራ ጣት ወደ ኬኩ ፈንጥቁ። መጀመሪያ ሳህን ላይ ሞክሩት። ትልልቅ ጠብታ ከጣለ በጣም ቀጥኗል፣ ስኳር ጨምሩ። ጠረጴዛውንና ግድግዳውን በጋዜጣ ሸፍኑ፤ ከዋክብቱ ከኬኩ አልፈው ይሄዳሉ።

ከዋክብትን እኩል አትርጩ። በመስመሩ ውስጥ ጥቅጥቅ ይበሉ፣ በጨለማው ላይ አልፎ አልፎ። ከዚያ በስቴኪኒ ጫፍ ሰባት ስምንት ደመቅ ያሉ ከዋክብት አኑሩ። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ በኖዝል፣ ማለትም ቅርጽ ባለው የመጭመቂያ ጫፍ፣ ማውጣት ይቻላል፤ እኔ ግን ባይሆን ይሻለኛል፣ ሰማዩን ባንዲራ ያስመስለዋል።

የግንቡ ጥላ

ከጨለማው ክሬም ጥቂት ማንኪያ ለይታችሁ ተጨማሪ ጥቁር አግቡበት። መጭመቂያው ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። የዐፄ ፋሲል ግንብ በጥላ ብቻ እንዲታወቅ ሦስት ነገር ይበቃዋል። ማዕዘኑ ላይ ያሉት ክብ ማማዎች ከነሞላላ ጉልላታቸው፣ ከነሱ በላይ የሚወጣው ባለ አራት ማዕዘን ማማ፣ እና ጥርስ ጥርስ ያለው የጣሪያ ጠርዝ። መስኮትና በር ለመሳል አትጣሩ። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ቢጫ ነጥብ ብታደርጉ ግን ሰው ያለበት ይመስላል።

በቀጥታ ኬኩ ላይ ሥሩ። ቅርጹን በስቴኪኒ ጫር አድርጉ፣ ዙሪያውን በክሬሙ ተከተሉ፣ ውስጡን ሙሉ፣ በትንሽ ቢላ ጠፍጠፍ አድርጉት። ቁመቱ ከሰማያዊው ክፍል ትንሽ ይለፍ። ከፊት ግንቡ ይቁም፣ በጎንና በኋላ ዝቅ ያለ የአጥር ግንብና የጥድ ዛፎች ይበቃሉ።

ፕላኔቶች

ልኩን ስለመጠበቅ የሚከራከር ልጅ ካለ ይህን ንገሩት። ምድር 1 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ጁፒተር 11 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ሳተርን ቀለበቱ ሳይቆጠር 9 ገደማ፣ ፀሐይ ደግሞ ከ1 ሜትር ታልፋለች። ስለዚህ ልኩን ትተን ለዓይን የሚመቸውን እንያዝ፦ ጁፒተር 7፣ ሳተርን 5፣ ማርስ 2.5 ሴንቲ ሜትር። ሁሉንም ልሥራ የሚል ካለ ስምንት ናቸው። ፕሉቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ድንክ ፕላኔትነት ወርዷል።

ንጹሕ ጠርዝ የሚወጣው በማቀዝቀዝ ነው። ወረቀት ላይ በብርጭቆ አፍ ክብ ሳሉ። ላዩ ላይ ዝርግ ላስቲክ አንጥፉና ክሬሙን እዚያ ላይ ሥሩ። ልብ በሉ፣ ላስቲኩን የሚነካው ወገን ነው በኋላ ፊት የሚሆነው። ስለዚህ መጀመሪያ እንዲታይ የምትፈልጉትን ሥሩ፣ ከዚያ ከላዩ ደርቡ። ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይድረስ። ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ድርቅ ሲል ላስቲኩን ላጡና ወዲያው ኬኩ ላይ ለጥፉ፤ በጣት ሙቀት በሰከንዶች ይለሰልሳል። ፍሪዘር የሌለው ሰው በቀጥታ ኬኩ ላይ ቢሥላቸውም ይሆናሉ፣ ጠርዛቸው ብቻ ትንሽ ይዝረከረካል።

ጁፒተር፦ መጀመሪያ ከምድር ወገብ በታች አንድ ትንሽ ሞላላ በቀላ ብርቱካንማ። ይህ ታላቁ ቀይ ነጥብ ነው፤ ከምድር የሚሰፋ ማዕበል። ከዚያ አግድም አግድም መስመሮች፣ አንዴ ነጭ፣ አንዴ በካካዎ የቀላ ቡናማ። መስመሮቹ ትንሽ ይወላግዱ።

ሳተርን ቀለም አይፈልግም ማለት ይቻላል። ያ ስንታገለው የነበረው የቅቤ ቢጫነት እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል። ኳሱን ለጥፉ፣ ከዚያ ቀለበቱን በቀጭን ጫፍ ኬኩ ላይ ሥሩ። የፊተኛው ቅስት በኳሱ ላይ ይለፍ፣ የኋለኛው ግን ኳሱ ጠርዝ ላይ ይቁምና ከወዲያ ይቀጥል። ቀለበት ኳሱን ዞረ የሚያስብለው ይህ ብቻ ነው።

ማርስ፦ ብርቱካንማና ቁንጥጫ ካካዎ። ቀይ አፈሯ የዛገ ብረት ያለበት ነው፣ ቀለሟም እንደዛው ይሁን። አናቷ ላይ ለበረዶው ነጭ ነጥብ።

ጁፒተርን አናት ላይ፣ ሳተርንን ከፊት ከግንቡ በላይ፣ ማርስን ራቅ አድርጉ። ሳተላይት ለሚወድ ልጅ ደግሞ ሁለት ዋፈር ብስኩት በአንድ ኩብ ቸኮሌት ግራና ቀኝ ለጥፉለት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን ታሪክ ይዞ ለመቁረሻው ሰዓት ወሬ ይሆናል።

ጽሑፍ

ፊደላችን ትንንሽ ምልክት ስላለው በወፍራም ክሬም ይደፈናል። የ«ቤ» ቀለበት ከተደፈነ ቤቲ ቢቲ ትሆናለች፣ ልደተኛዋም ትቆጣለች። መጭመቂያው ጫፍ ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ የፊደሉ ቁመት ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይነስ። መጀመሪያ በስቴኪኒ ጻፉ፣ ከዚያ በነጭ ተከተሉ። «እንኳን ለሰባተኛ ዓመት የልደት በዓልሽ አደረሰሽ» የሚል ዓረፍተ ነገር እዚህ ኬክ ላይ አይገባም። ስሟና ፯ ቁጥር ይበቃሉ።

መንገድና ማዕድ

ኬኩን ሌላ ቤት የምትወስዱ ከሆነ ቢያንስ 4 ሰዓት ይቀዝቅዝ። በካርቶን ውስጥ አስቀምጡት፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ እንዳይንሸራተት። ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ አትያዙት፤ ጭን ዘንበል ይላል፣ ይሞቃልም። እግር ሥር ወለሉ ላይ ይሁን። ከፒያሳ አዘዞ ድረስ ከሆነ ለሾፌሩ ቀድማችሁ ንገሩት፤ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ኬክ ይዣለሁ» ከተባለ ብዙዎቹ ይተባበራሉ። የቀትር ፀሐይ በጎን የሚገባ ከሆነ በነጠላ ጋርዱት።

ከፍሪጅ የወጣ ኬክ በተለይ በክረምት ላብ ያወጣል። በዚህ ጊዜ አትንኩት፣ አትጥረጉት፤ ጨለማው ቀለም ይፈሳል። ካርቶኑን ሳትከፍቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ክፍል ውስጥ አቆዩት፣ እርጥበቱ ካርቶኑ ላይ ይቀራል። ክሬሙም ይለሰልሳል። በቀጥታ ከፍሪጅ የተበላ በተርክሬም ቀዝቃዛ ቅቤ መብላት ነው።

ቢላውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ እያደረቃችሁ ቁረጡ። ጨለማው ክሬም ከንፈርና ጥርስ ያቀልማል፤ ሶፍት ቀድማችሁ አቅርቡ፣ ነጭ የሐበሻ ልብስ የለበሱ ልጆችን ደግሞ ፎቶውን አስቀድማችሁ አንሱ።

የተረፈ ኬክ ፍሪጅ ውስጥ ተሸፍኖ አራት አምስት ቀን ይቆያል። የተረፈውን ክሬም አትጣሉ። ሰማያዊው፣ ወይን ጠጁና ጨለማው አንድ ላይ ተደባልቀው በላስቲክ ፍሪዘር ውስጥ ሦስት ወር ይቆያሉ። ለሚቀጥለው የጠፈር ኬክ ጥቁሩን ከዚያ ጀምሩት፤ የቀለሙ ግማሽ መንገድ ተሄዷል።